በሐዋሳ ቤት አከራይቶ ገቢ ለማግኘት ለሚያስቡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐዋሳ ያጠራቀመውን ጥሪት በሚከራይ ቤት ላይ ማዋል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ጡረታ የወጣው መምህር፣ ግቢው ውስጥ ባዶ ቦታ ያለው ነጋዴ፣ ከአረብ ሀገር የተመለሰችው እህት፣ የወላጆቹን ቤት የወረሰው ወጣት፣ ሁሉም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነው። እዚህ ያሉት መልሶች አንድ ግቢና ከሁለት እስከ ስምንት ክፍል ለሚያስብ ሰው የተጻፉ ናቸው። ፎቅ ገንብቶ ለባንክና ለሱፐርማርኬት የሚያከራይ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው።

የመልሶቹ ሁሉ መሠረት አንድ እምነት ነው፦ ከዚህ ሥራ የሚጠቀመው ተከራዩ የሚቆይለት አከራይ ነው። ወረቀቱም፣ ግንባታውም፣ ውሉም በዚህ ዓይን ቢታይ ይበጃል።

በስንት ብር መጀመር ይቻላል?

እንደ መነሻዎ ይለያያል። የራስዎ ግቢ ካለና ካርታው በእጅዎ ከሆነ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ መጀመር ከሁሉም ይቀላል። ለቦታ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ውሃውና መብራቱ ግቢው ውስጥ አለ፤ ሥራውንም በዓይንዎ እያዩ ያሠራሉ። ቤት ገዝቶ ማከራየት ሁለተኛው መንገድ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውም፣ የወረቀት ጣጣ የሚበዛበትም ይኸው ነው። ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ማከራየት በመካከል ይገኛል፤ ጥገናው ያንሳል፣ ነገር ግን ክፍል መጨመር አይቻልም፣ በጋራ መጠቀሚያዎች ጉዳይም ከጎረቤት ጋር መስማማት ግድ ይላል።

የግንባታ ወጪን በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለፈው ዓመት የሰሙትን ዋጋ ይዞ መነሣት አደገኛ ሆኗል። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የሽንት ቤት መቀመጫ ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ተጽፎ ይሰጥዎ፤ የዕቃውንም ዋጋ እርስዎ ራስዎ ሱቅ ለሱቅ ዞረው ያረጋግጡ። ገንዘብዎ ለስድስት ክፍል ካልበቃ ስድስቱንም ጀምሮ ግማሽ ላይ ከማቆም ሁለቱን ጨርሶ ማከራየት ይሻላል። ቆርቆሮ ለብሶ በርና መስኮት ያጣ ቤት በየክረምቱ እየተበላሸ ባለቤቱን ያስከፍላል እንጂ ሳንቲም አያስገባም።

ትርፉ በእርግጥ ምን ያህል ነው?

ብዙ ሰው የወሩን ኪራይ በ12 አባዝቶ ያንን ትርፍ ይለዋል። አይደለም። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ስድስት ክፍል በ1,500,000 ብር ሠርተው እያንዳንዱን በወር 2,500 ብር አከራዩ እንበል። በዓመት 180,000 ብር ይሆናል። አሁን ይቀንሱ። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት ውስጥ አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 15,000 ብር ይሄዳል። ለቀለም፣ ለቁልፍ፣ ለቧንቧ፣ ለፍሳሽ ማስመጠጫና ለቤትና ቦታ ግብር 25,000 ብር ይያዙ። 140,000 ይቀራል፤ ካወጡት ገንዘብ 9.3 በመቶ ነው። የኪራይ ገቢ ግብር ገና አልተነካም።

እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወር ሳይሆን ሦስት ወር ባዶ ቢቆይስ? የሚቀረው 110,000 ብር ነው፤ 7.3 በመቶ። የባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን 7 በመቶ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል። ያለ ቧንቧ ጥገና፣ ያለ ጭቅጭቅ ባንክ ውስጥ ቢቀመጥ ሊያስገኝ ይችል ከነበረው ብዙም አልራቀም ማለት ነው። በእርግጥ ብር በባንክ ሲቀመጥ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል፣ ቤት ግን ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሰው ቤት የሚመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው፣ ትክክልም ነው። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ እጅዎ ላይ የሚቀረውን ብር የሚወስነው ክፍሉ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በወር 200 ብር ጨምሮ ጥሩ ተከራይ ያባረረ አከራይ፣ ክፍሉ አንድ ወር ባዶ ከቆየ የዓመቱን ጭማሪ ሙሉ በሙሉ አጥቶታል።

የትኛው ሰፈር ይሻላል?

ከሰፈሩ በፊት ተከራዩን ያስቡ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ ወደ ከተማዋ መጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመነሻ ደመወዛቸው ከአንድ ሺህ ብር በታች ስለነበር አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ይከራዩ ነበር። በፓርኩ ዙሪያ ርካሽ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ተከራይ አገኘ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ህዳር ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ለቆ ወጣ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ወጣች። የፓርኩ ሥራ ሲቀዘቅዝ ክፍሉም አብሮ ቀዘቀዘ። የፋብሪካ ሠራተኛ ጥሩ ተከራይ ነው፤ ግን የግቢዎ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቀጣሪ ደመወዝ ላይ እንዳይንጠለጠሉ ያስቡበት።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን አይተው «ለተማሪ አከራያለሁ» የሚሉ አሉ። የመደበኛ ተማሪ በአብዛኛው በግቢው ዶርም ያድራል። ውጭ የሚከራዩት መምህራን፣ የሪፈራል ሆስፒታሉ ነርሶችና ሐኪሞች፣ የማታና የግል ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ከጋራ ሽንት ቤት ይልቅ የራሱ መታጠቢያ ያለው ክፍል ይፈልጋሉ፤ ለዚያም ይከፍላሉ።

ሦስተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ክልል ከሆነ በኋላ ቢሮዎቹ በሐዋሳ ተቀምጠዋል። ደመወዙ ትልቅ ባይሆንም በወሩ ይገባል፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት ካስገባ በኋላ በቀላሉ አይነቀልም። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚመቸው ይህ ተከራይ ነው። ሁለት ክፍልና ትንሽ ኩሽና ይፈልጋል፤ ዓመታት ይቆያል።

ሐይቁ አጠገብ ቦታ የሚያዩ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም፤ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ከፍ ይላል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፣ ግድግዳም ከሥር እርጥበት ይስባል። ሰፈሩን በበጋ ብቻ አይተው አይወስኑ፤ ሐምሌ ላይ ከዝናብ በኋላ ይሂዱ። ምሽት 1 ሰዓት ላይም ይሂዱ፤ ባጃጅ መድረሱን፣ የመንገዱን መብራት፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትሄድ የሚያሠጋት መሆን አለመሆኑን ይዩ። የጎረቤት ተከራይን «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። ሻጭ የማይነግርዎን ተከራይ ይነግርዎታል።

ቤት ከመግዛቴ በፊት ምን ማረጋገጥ አለብኝ?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚገዙት በላዩ ያለውን ቤትና የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ የወረቀቱ ጤንነት ከግድግዳው ጤንነት ይቀድማል።

ካርታውን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ይዩ። በካርታው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር እስከ አያት ስም ድረስ ይመሳሰላል? የካሬ ሜትሩ መጠን መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር ይገጥማል? ሜትር ይዘው ይለኩ፤ ነውር የለውም። ሰርቪስ ክፍሎቹ በፕላኑ ላይ አሉ ወይስ በኋላ ያለ ፈቃድ የተለጠፉ ናቸው? ኪራይ የሚያመጡልዎት እነሱ ናቸውና ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከዚያ ሻጩን ይዘው የይዞታው ማህደር ወዳለበት መሥሪያ ቤት ይሂዱና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ሊሆን ይችላል። የግብር ካርኒዎቹንም ይመልከቱ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሽነት በፍርድ ቤት የተረጋገጠበትን ወረቀትና የወራሾቹን ሁሉ ስምምነት ይጠይቁ። «ታናሽ ወንድሜ ውጭ ሀገር ነው፣ እሱ ችግር የለበትም» የሚል ቃል በቂ አይደለም፤ ታናሽ ወንድም ውክልና ይላክ። እናት ሲሞቱ አንድ ልጅ ብቻውን የሸጠው ቤት ከዓመታት በኋላ እህቶች መጥተው ሲከሱበት የሚደርሰው ሐዘን ለገዢውም ለቤተሰቡም ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይጣራ ቀብድ አይክፈሉ። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ይወሰዳል» ይልዎታል። ይወሰድ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ክብር ቢኖረውም ስም አያዛውርም። ክፍያውን በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ትዕዛዝ) ያድርጉ። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡንና የሻጩን ግብር ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በቃል የቀረ እንደሆነ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ጠብ ይነሣል።

«ነባር ይዞታ» እና «ሊዝ» ሲባል ለእኔ ምን ልዩነት አለው?

በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ በሊዝ ይያዛል፤ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ነባር ይዞታ ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት የተገኘ ነው። ገዢዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ይይዛል። ይህ ክፍያ ያስከትላልና ከመግዛትዎ በፊት ስሌቱን ይጠይቁ።

በሊዝ የተገኘ ባዶ ቦታ ወይም መሠረቱ ብቻ የወጣለት ቤት ሲቀርብልዎ ደግሞ ይጠንቀቁ። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚደረግ ማስተላለፍ በአዋጁ ጥብቅ ገደብ አለው። ሻጩ በነፃነት ተጫርቶ ትርፉን ኪሱ እንዲያስገባ ሕጉ አይፈቅድለትም። በዚህ ምክንያት ሰዎች ውስጥ ለውስጥ በውክልና ይሸጣሉ፤ ወካዩ ውክልናውን ሲሽር ወይም ሲሞት ገዢው ባዶ እጁን ይቀራል።

በከተማዋ ዳር ከገበሬ ላይ በርካሽ የሚገኝ ቦታስ?

አይግዙ። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ውሉ ገና ሲፈረም ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ የሚሠራው የጨረቃ ቤት በማንኛውም ቀን ሊፈርስ ይችላል፣ ሲፈርስም ካሳ የለውም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እዚያ የሚገቡት ተከራዮች ናቸው። ግሬደር ሲመጣ ልጆቻቸውንና ፍራሻቸውን ይዘው ሜዳ ላይ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ባንክ ያበድረኛል?

ካርታ ያለው ቤት በዋስትና ካስያዙና የተረጋገጠ ገቢ ካለዎት ይቻላል፤ ቀላል ግን አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት መገደቡ ወረፋውን አርዝሞታል። የወለዱን መጠን ከላይ ካየነው ስሌት ጋር ያስተያዩት። ቤቱ ከግብር በፊት 9 በመቶ እያስገባ ብድሩ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ወለድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በየወሩ ከሌላ ገቢዎ እየጨመሩ ነው የሚከፍሉት። ሌላ ገቢ ከሌለዎት አይግቡበት። በሐዋሳ ብዙ ሰርቪስ ቤት የተሠራው በእቁብ ነው፤ እቁቡ ሲደርስ ሁለት ክፍል፣ በሚቀጥለው ዙር ሁለት ክፍል። አዝጋሚ ነው፣ ግን እንቅልፍ አይነሣም።

ምን ዓይነት ክፍል ልሥራ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ክፍል ያለው ግቢ ይግቡና አንድዋን ሽንት ቤት ይዩ። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ አንድ፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት፣ የፋብሪካ ሰርቪስ እንዳያመልጣት የምትቁነጠነጥ አንዲት፤ ሁሉም በሩ እስኪከፈት ቆመዋል። ተከራይ የሚለቀው ብዙ ጊዜ በኪራዩ ውድነት አይደለም፤ በዚህ ነው። ለስድስት ክፍል ቢያንስ ሁለት ሽንት ቤትና አንድ መታጠቢያ ይሥሩ፤ አቅም ካለ ለየክፍሉ። የፍሳሽ ጉድጓዱን በደንብ ገንብተው ማስመጠጫ መኪና ቱቦው የሚደርስበት ቦታ ላይ ያድርጉት። ቤቱ ካለቀ በኋላ ይህን ማስተካከል እጥፍ ያስወጣል።

የውሃ ታንከር ግድ ነው። ከፍ ባለ ማማ ላይ ያስቀምጡት፤ ቧንቧው ሲቋረጥ ተከራዮችዎ ጀሪካን ይዘው እንዳይንከራተቱ። የጉድጓድ ውሃ ለማስቆፈር ካሰቡ፣ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ብዙ ስለሆነ ሳይመረመር ለመጠጥ አይስጡ፤ የልጆችን ጥርስና አጥንት ይጎዳል።

ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ እንደ አቅምዎ ነው፤ በደንብ የተለሰነ የጭቃ ቤት ነውር የለበትም፣ በሐዋሳ ሙቀትም ይቀዘቅዛል። ብሎኬት ከሆነ ግን ግሬድ ቢሙንና ቶፕ ታይ ቢሙን (ግድግዳውን ከሥርና ከላይ የሚያስሩትን የብረትና የኮንክሪት ቀበቶዎች) ለማስቀረት የሚመክርዎትን ባለሙያ አይስሙ። የምንኖረው መሬት በሚንቀጠቀጥበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ወለሉ ሊሾ ይበቃዋል። ጣሪያው ሥር ኮርኒስ ያስገቡ፤ ያለ ኮርኒስ ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ አያነጋግርም። መስኮቱ ላይ የወባ ትንኝ የሚከለክል ወንፊት ያድርጉ። ወንፊቱ ርካሽ ነው፤ ወባ የያዘው ተከራይ ግን ሥራ አይገባም፣ ኪራዩም ይዘገያል።

የመብራትና የውሃ ሂሳብን እንዴት ላካፍል?

በአከራይና ተከራይ መካከል ከሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል፤ ምክንያቱም ሂሳቡ በሰው ቁጥር ተካፍሎ እውነት አይሆንም። አንዷ በኤሌክትሪክ ምጣድ በየሁለት ቀኑ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሌላው ስልክ ብቻ ቻርጅ ያደርጋል። በዚህ ላይ የመብራት ታሪፉ የአጠቃቀሙ መጠን ከፍ ሲል የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ከፍ የሚልበት ነው። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በትልቁ እርከን ይከፍላል፤ አምፖል ብቻ የሚያበራው ድሃ ጭምር።

መፍትሔው ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። በወሩ መጨረሻ ተከራዩ ባለበት አብራችሁ አንብቡ፤ ቁጥሩን በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የመብራት ኃይሉን ደረሰኝም ያሳዩ። ከሂሳቡ ላይ ትርፍ አይፈልጉ። ምጣድ መከልከል የለመዱ አከራዮች አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። ሰው ቤቱ ውስጥ እንጀራ መጋገር ካልቻለ ቤቱ አይደለም። በወፍራም ሽቦ የተዘረጋ የራሱ ብሬከር ያለው ሶኬት ያዘጋጁለትና የተጠቀመበትን ይክፈል።

የኪራይ ውሉ ምን ይያዝ? ሕጉስ ምን ይላል?

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ብዙ ነገር ቀይሯል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚፈጸምበትን ሁኔታ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ምዝገባው በሐዋሳ የት እንደሚካሄድና አሠራሩን ከክፍለ ከተማዎ ይጠይቁ።

አንዳንድ አከራዮች ሁለት ዓመት ሲባል ይደነግጣሉ። እኔ ግን ሕጉ ባያዝዝም ሁለት ዓመት ይፈራረሙ እላለሁ፤ ከላይ ያለው ስሌት የሚነግረን ይህንኑ ነው።

በውሉ ላይ የሁለቱ ወገኖች ሙሉ ስምና መታወቂያ፣ የክፍሉ ልክ መግለጫ፣ የኪራዩ መጠንና የመክፈያው ቀን፣ የሚኖሩበት ሰዎች ቁጥር፣ የመብራትና የውሃ አከፋፈል፣ ሲገቡ የቆጣሪው ንባብ፣ የጥገና ድርሻ ይጻፍ። የጣሪያ፣ የግድግዳና የዋና ቧንቧ ጥገና የአከራይ ነው፤ በተከራይ አያያዝ የተሰበረ መስታወትና የተበላሸ ቁልፍ የተከራይ ይሁን። የግቢ በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ቢጻፍ ይመረጣል፤ ማታ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ግን ቁልፍ ይሰጠው።

በየዓመቱ ኪራይ መጨመር እችላለሁ?

አዋጁ ተፈጻሚ በሆነበት ቦታ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይቻልም፤ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው አይበልጥም። ተፈጻሚ ባልሆነበትም ቢሆን ጭማሪውን አስቀድመው፣ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብለው ያስታውቁ። መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ሲገዛ ጭማሪ መጠየቅ ጭካኔ ነው፤ ብድር ውስጥ የሚያስገቡት ያንኑ የእርስዎን ከፋይ ነው።

ተከራይ ሳይከፍል ቢቀርስ?

በመጀመሪያ ያነጋግሩት። ለሦስት ዓመት በጊዜው የከፈለ ሰው አንድ ወር ቢዘገይ ምክንያት አለው። ጊዜ ከሰጡት በጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑም ይጠቀስ። ቀኑ ካለፈ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ። በምንም ምክንያት ቁልፍ አይቀይሩ፣ ዕቃ አያውጡ፣ መብራት አይቁረጡ። ሕግም አይፈቅድልዎ፤ በጎረቤት ዘንድ የሚያተርፍልዎ ስም ደግሞ ለዓመታት አይጠፋም።

የኪራይ ገቢ ግብር እንዴት ይከፈላል?

የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» ይታያል። መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲሆን በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ለግለሰብ ግብሩ በእርከን ይጨምራል፣ ከፍተኛው 35 በመቶ ነው። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው ያወጣውን ወጪ በደረሰኝ ይቀንሳል፤ የማይዝ ደግሞ ሕጉ የወሰነለትን ድርሻ ከጠቅላላ ኪራዩ ላይ ይቀነስለታል። የትኛው እንደሚሻልዎ የሚታወቀው ደረሰኝ ከሰበሰቡ ብቻ ነውና የሲሚንቶም የቀለምም ደረሰኝ አይጣሉ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ገቢን የማሳወቂያው ጊዜ ከሐምሌ ይጀምራል። ኪራዩ በባንክ የሚገባ ስለሆነ ዝቅ አድርጎ ማሳወቅ ሲያዙ ቅጣትና ወለድ ያመጣል፣ ዕዳ ያለበትን ቤት መሸጥም አይቻልም።

ይህ ከቤትና ቦታ ግብር የተለየ ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅም ስለጸደቀ በዓመታዊ ወጪዎ ውስጥ ቦታ ያኑሩለት።

ደላላ ያስፈልገኛል?

ለመግዛት ብዙ ጊዜ አዎ፤ ለማከራየት ብዙ ጊዜ አይ። ንጹሕ ክፍል ካለዎት አሁን ያሉት ተከራዮች የሥራ ባልደረባቸውን ያመጡልዎታል።

ውጭ ሀገር ነኝ፤ ዘመድ እንዲያስተዳድርልኝ ማድረግ እችላለሁ?

ይችላሉ። ውክልናው ግን ማከራየት፣ ኪራይ መቀበልና ግብር መክፈል ብሎ የተወሰነ ይሁን፤ መሸጥና በዋስትና ማስያዝ አይግባበት። ኪራዩ በእርስዎ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይግባ። ለሚያስተዳድርልዎ ዘመድም በግልጽ የተነገረ ወርኃዊ ክፍያ ይቁረጡለት። አጎትዎ ቧንቧ በተሰበረ ቁጥር በነፃ እንዲሮጡ መጠበቅ ደግ አይደለም፤ ቤተሰብም የሚቀያየመው በዚህ ነው።

ቤቱን ለአንድ ሌሊት እንግዳ ማከራየት አይሻልም?

ለበዓልና ለሠርግ ሰሞን ጥሩ ይከፈላል። ነገር ግን ያ የእንግዳ ማረፊያ ንግድ ነው፤ ፈቃዱም፣ ግብሩም፣ የዕለት ተዕለት ድካሙም ሌላ ነው። ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ከቋሚ ተከራዮች ጋር አይቀላቀል።

ተከራይ ሲለቅ ምን ማድረግ አለብኝ?

ዕቃው ከወጣ በኋላ አብራችሁ ክፍሉን ዙሩ። የቆጣሪውን ንባብ ይመዝግቡ፣ የመጨረሻውን ሂሳብ እዚያው ይዝጉ። ሲገባ ከተጻፈው ዝርዝር ጋር በሩን፣ መስኮቱን፣ ሶኬቱን፣ ቧንቧውን ያስተያዩ። በአጠቃቀም ያረጀ ቀለም የእርስዎ ወጪ ነው፣ ከተከራዩ ገንዘብ ላይ አይቀነስም። የሚመለስለት ቀሪ ካለ በዚያው ቀን በባንክ ያስተላልፉለት፤ ሁለታችሁም መለያየታችሁን በጽሑፍ ፈርሙ፤ የተመዘገበ ውል ከሆነ መቋረጡን ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ከዚያ ቁልፉን ይቀይሩና አዲስ ሰው ከመግባቱ በፊት ክፍሉን ቀለም ያስቀቡ።